ሕንድ በባዶ እግር ስለተጫወተች ታገደች? ስለ 1950፣ ስለ 1962 እና ስለ 2030ው ውርርድ

ጥያቄ፦ «የምሠራው አቡ ዳቢ ነው። ክፍል የምጋራው ከኬረላ ከመጡ ሁለት ሕንዶች ጋር ነው፤ ሁለቱም ኳስ ሲነሳ ያብዳሉ። አንደኛው፣ ሕንድ በ1950 ለዓለም ዋንጫ አልፋ ነበር፣ በባዶ እግር ስለምትጫወት ፊፋ ከለከላት፣ ባይከለክሏት ዛሬ እንደ ብራዚል ትሆን ነበር ይላል። ሌላው ደግሞ ኳሱን የገደለው ክሪኬት ነው ይላል። እኔ ደግሞ 1.4 ቢሊዮን ሕዝብ ይዞ አሥራ አንድ ሰው ማጣት ያሳፍራል እያልኩ እስቅባቸዋለሁ። አሁን የዓለም ዋንጫው 48 ቡድን ስለሆነ በ2030 ሕንድ ትገባለች ብሎ አንዱ ሊወራረደኝ ነው። የተሸነፈ አንድ ወር ሙሉ ያበስላል። ማን ነው ልክ? ውርርዱንስ ልግባበት?»

ሦስታችሁም ልክ አይደላችሁም። ውርርዱን ግን ግባበት። ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ። ዓመቶቹን፣ ወሮቹንና ቀኖቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የባዶ እግሩን ነገር እናጥራ። ጓደኛህ ታሪኩን ከኪሱ አላወጣውም። ሕንድ ውስጥ ለዘመናት ሲወራ የኖረ ነው፤ መነሻውም እውነት አለው። በ1948 የለንደን ኦሎምፒክ ሕንድ ከፈረንሳይ ጋር ስትጫወት አብዛኞቹ ተጫዋቾቿ ታኬታ አላደረጉም። ገሚሱ በባዶ እግሩ፣ ገሚሱ ካልሲ ብቻ አጥልቆ ነው ሜዳ የገባው። ጨዋታው ለንደን ዳር ባለችው ኢልፎርድ ነበር። ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አገኙ፣ ሁለቱንም ሳቱ። ያም ሆኖ ሳራንጋፓኒ ራማን አቻ የምታደርግ ጎል አስቆጠረ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ፈረንሳይ አገባችና ሕንድ 2 ለ 1 ተሸንፋ ወጣች። እንደ አገር ነጻ ከወጣች ገና አንድ ዓመት አልሞላትም ነበር፤ ለዚያ ጊዜ የሚያኮራ ውጤት ነው።

የ1950ው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። «አልፋ ነበር» የሚለው በወረቀት ልክ ነው። በርማና ፊሊፒንስን ጨምሮ ተፎካካሪዎቿ ራሳቸውን ስላገለሉ ሕንድ አንድ ኳስ ሳትመታ አለፈች። ምድቧም ወጣ፤ ስዊድን፣ ጣልያንና ፓራጓይ ደረሷት። ከዚያ ውድድሩ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው አልሄድም አለች። የከለከላት ሰው የለም። ፌዴሬሽኑ ራሱ የሰጠው ምክንያት የልምምድ ጊዜ ማነስና በተጫዋቾች ምርጫ አለመስማማት ነው። ብራዚል ድረስ በመርከብ መሄድም ቀላል አልነበረም። ገንዘቡን በሚመለከት ግን አዘጋጆቹ ከወጪው አብዛኛውን እንችላለን ብለው ነበር። ተጫዋቾቹ አማተርነታቸውን (ያለ ደመወዝ የሚጫወቱ መሆናቸውን) አጥተው ኦሎምፒክ እንዳያመልጣቸው የሚል ስጋትም ይጠቀሳል።

ዋናው ምክንያት ከዚህ ሁሉ ይቀላል። የዓለም ዋንጫ ያኔ የዛሬው ዓለም ዋንጫ አልነበረም። በጦርነቱ የተነሳ ለ12 ዓመት ተቋርጦ ገና መመለሱ ነው። ለሕንድ ፌዴሬሽን ትልቁ ነገር ኦሎምፒክ ነበር። ያን ቡድን በአምበልነት ሊመራ የነበረው ሳይለን ማና ከብዙ ዓመት በኋላ ሲጠየቅ የባዶ እግሩን ነገር ውድቅ አድርጎታል። ደግሞም የቀረችው ሕንድ ብቻ አይደለችም። ስኮትላንድና ቱርክም ቀርተዋል፤ ውድድሩ በ13 ቡድን ብቻ ነው የተካሄደው።

ጓደኛህ ይሄም ካላሳመነው አንድ ጥያቄ ጠይቀው። ሕንድ በ1950 በባዶ እግር ምክንያት ከታገደች፣ በ1952 ሄልሲንኪ ኦሎምፒክ ላይ እንዴት በባዶ እግር ተጫወተች? ተጫውታለችኮ! በዩጎዝላቪያ 10 ለ 1 ተደበደበች። ከዚያ ጨዋታ በኋላ ነው ታኬታ ግዴታ የሆነው። ግዴታ ያደረገው ደግሞ ፊፋ ሳይሆን የሕንድ ፌዴሬሽን ራሱ ነው። እኛ ባዶ እግር ሲባል የሚታወሰን የ1960ው ሮምና አበበ ቢቂላ ነው። በዚያው ኦሎምፒክ የሕንድ ቡድን ታኬታውን አጥልቆ ፈረንሳይን 1 ለ 1 ይዟታል።

«ባይከለክሏት እንደ ብራዚል ትሆን ነበር» የሚለውን እርሳው። በ1952 በዩጎዝላቪያ አሥር ጎል የገባበት ቡድን በ1950 ጣልያንን ምን ያደርግ እንደነበር መገመት አያቅትም።

ይሄን ስል ግን ጓደኛህን ሙሉ በሙሉ አፉን አታስዘጋው። ሕንድ እውነተኛ ወርቃማ ዘመን ነበራት፤ አንተ የማታውቀው እሱን ነው። በ1951 ኒው ደልሂ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የእስያ ጨዋታዎች ኢራንን 1 ለ 0 አሸንፋ ወርቅ ወሰደች። በ1956 ሜልቦርን ኦሎምፒክ አራተኛ ወጣች። እዚያ ላይ ኔቪል ዲሱዛ አዘጋጇን አውስትራሊያን ሦስት ጊዜ አስቆጥሮባታል፤ በኦሎምፒክ ኳስ ሦስታ የሠራ የመጀመሪያው እስያዊ ነው። በ1962 ደግሞ ጃካርታ ላይ ደቡብ ኮሪያን 2 ለ 1 አሸንፋ ሁለተኛ ወርቋን ወሰደች።

የጃካርታው ጨዋታ ለብቻው ሊወራ ይገባዋል። ኢንዶኔዥያ ታይዋንንና እስራኤልን ከውድድሩ ስታስቀር አንድ የሕንድ ኦሎምፒክ ሹም በይፋ ተቃወመ። ሕዝቡ ተቆጣ። ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ ሕንዶቹ ኳስ በነኩ ቁጥር ይጮህባቸዋል። በምድቡ ጨዋታ ኮሪያ ሕንድን 2 ለ 0 አሸንፋት ስለነበር ማንም ግምት አልሰጣትም። ተከላካዩ ጃርናይል ሲንግ ቀደም ብሎ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ተሰፍቷል። አሰልጣኙ ሰይድ አብዱል ራሂም ሊያስቀምጠው ሲገባ ጭራሽ አጥቂ አድርጎ አሰለፈው። አንዷን ጎል ፒኬ ባነርጂ፣ ሌላዋን ይሄው የተሰፋ ጭንቅላት ያለው ጃርናይል አገቧት። ራሂም ራሱ ያኔ በካንሰር ታሞ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሞተ።

ራሂም ለምን እንደሚጠቀስ ልንገርህ። የሃይደራባድ ሰው ነው፤ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። ከ1950 እስከ 1963 ብሔራዊ ቡድኑን ያዘ። ሁሉም ወርቅና ያ አራተኛነት በእሱ ጊዜ ነው የተገኘው። ተጫዋቹ በሁለቱም እግሩ እንዲጫወት ያስገድድ ነበር። ኳስ በአጭር በአጭር ይቀባበሉ ነበር። ሌሎች የእስያ አገሮች ገና ሳያስቡት 4-2-4 አሰላለፍ (አራት ተከላካይ፣ ሁለት አማካይ፣ አራት አጥቂ) ይጠቀም ነበር። አንድ አስተዋይ ሰው በቦታው አሥራ ሦስት ዓመት ቆየ፣ ውጤቱም ይሄ ሆነ። ሰውየው ሲሞት ከኋላው የሚተካው ሥርዓት አልነበረም። የሕንድ ኳስ ታሪክ ግማሹ እዚህ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ 1962 የእኛም ዓመት ናት። በጥር ወር አዲስ አበባ ላይ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳነው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ዋንጫውን ደግመን አልነካነውም። ስለዚህ ጓደኞችህ ላይ ስትስቅ ትንሽ ቀስ በል፤ በፊፋ ሰንጠረዥም ቢሆን ዋሊያዎቹና ሕንድ ብዙ አይራራቁም።

ወርቃማውን ዘመን ስታነብ ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። አንደኛ፣ የሜልቦርን አራተኛነት በአንድ ድል የተገኘ ነው። ሀንጋሪ ቀረችና ሕንድ ያለ ጨዋታ አለፈች፤ አውስትራሊያን 4 ለ 2 አሸነፈች፤ ከዚያ በዩጎዝላቪያ 4 ለ 1፣ ለነሐሱ በቡልጋሪያ 3 ለ 0 ተሸነፈች። በ1964 እስራኤል ላይ በተደረገው የእስያ ዋንጫ ሁለተኛ መውጣቷም እንዲሁ ነው። ውድድሩ የአራት ቡድን ነበር፤ በማጣሪያው ተፎካካሪዎቿ ስለቀሩ ነው የገባችው። ኮሪያንና ሆንግ ኮንግን አሸንፋ በእስራኤል 2 ለ 0 ተሸነፈች። ሁለቱም በመዝገብ ያሉ ውጤቶች ናቸው፣ ማንም አይፍቃቸው። ግን ከዛሬው 24 ቡድን ካለው የእስያ ዋንጫ ጋር አይነጻጸሩም። ሁለተኛ፣ የእስያ ጨዋታዎች ኳስ ከ2002 ጀምሮ ከ23 ዓመት በታች ሆኗል። የድሮውን ወርቅ ከአሁኑ ጋር አታደባልቅ።

ወደ ክሪኬቱ ልምጣ። ሁለተኛው ጓደኛህ የሚለው በጣም የተለመደ ሰበብ ነው፤ ግን የጊዜው ቅደም ተከተል አይገጥምም። ሕንድ በኳስ ለመጨረሻ ጊዜ በእስያ ጨዋታዎች ሜዳሊያ ያገኘችው በ1970 ባንኮክ ላይ ነው፣ ነሐስ። ኦሎምፒክ ኳስ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው በ1960 ነው። ክሪኬት አገሩን ጠቅልሎ የያዘው ግን ሕንድ በ1983 የክሪኬት ዓለም ዋንጫን ካነሳች በኋላ ነው። ኳሱ ከወደቀ ቆይቷል። ክሪኬት በኋላ መጥቶ ስፖንሰሩን፣ ቴሌቪዥኑንና የወላጁን ምኞት ወሰደ፤ ያ እውነት ነው። የቀድሞውን ውድቀት ግን ሊያስረዳ አይችልም።

ደግሞም ሕንድ ውስጥ ኳስ ወዳድ ጠፍቶ አይደለም። ጓደኞችህን እያቸው! ኬረላ፣ ጎዋ፣ ኮልካታና ሰሜን ምሥራቅ ያሉት ግዛቶች በኳስ ነው የሚኖሩት። በ1997 ኮልካታ ላይ ኢስት ቤንጋልና ሞሁን ባጋን በፌዴሬሽን ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሲገናኙ ከ130 ሺህ በላይ ሰው ስታዲየም ገብቷል። ሰውስ አለ።

እንግዲህ ምን ሆነ? እውነቱ ሕንድ ከመውደቋ ይልቅ ባለችበት ቆመች፣ ሌሎቹ ጥለዋት ሄዱ። ለረጅም ጊዜ የሕንድ የአገር ውስጥ ጨዋታ 70 ደቂቃ ነበር። ልብ በል፣ 70። ተጫዋቹ ዓመቱን ሙሉ 70 ደቂቃ ሲሮጥ ከርሞ ለብሔራዊ ቡድን ሲጠራ 90 ይጠብቀዋል። የመጨረሻዋ ሃያ ደቂቃ ለእሱ ባዕድ አገር ናት። አገር አቀፍ ሊግ ደግሞ እስከ 1996 ድረስ አልነበራትም። የክልሎች ውድድርና የኮልካታ ፉክክር ነበር፤ እሱ ደስ ይላል፣ ግን ሊግ አይደለም። ኮሪያ በ1983፣ ጃፓን በ1993 የፕሮፌሽናል ሊግ ጀመሩ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች የነዳጅ ገንዘባቸውን በአሰልጣኝና በሜዳ ላይ አፈሰሱ። ሕንድ ወደ ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ መግባት የጀመረችው ራሱ ለ1986ቱ ውድድር ነው።

አሁን ወደ አንተ ስህተት። «1.4 ቢሊዮን ሕዝብ» የሚለው ስሌት ኳስ ላይ አይሠራም። ዮርዳኖስ 11 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ይዛ ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ አልፋለች። የካሪቢያኗ ደሴት ኩራሳው 200 ሺህ እንኳን ሳትሞላ አልፋለች። የሚቆጠረው በልጅነቱ በሥርዓት የሠለጠነና በየሳምንቱ የሚጫወት ልጅ ነው። በ2017 ሕንድ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫን ስታስተናግድ ከ21ዱ ተጫዋቾቿ ስምንቱ ከማኒፑር የመጡ ነበሩ። ማኒፑር ሦስት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ትንሽ ግዛት ናት። የሕንድን የመጀመሪያ የፊፋ ዓለም ዋንጫ ጎል ኮሎምቢያ ላይ ያስቆጠረው ጄክሰን ሲንግም የዚያው ልጅ ነው። ከ200 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ኡታር ፕራዴሽ ግን ለብሔራዊ ቡድኑ የምታዋጣው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ሕንድ በኳስ ስትለካ የ1.4 ቢሊዮን አገር አይደለችም። የጥቂት ግዛቶች አገር ናት።

በ2014 የሕንድ ሱፐር ሊግ ሲመጣ ብዙዎች አበቃ፣ ተፈታ ብለው ነበር። እኔ አሁንም የተደበላለቀ ስሜት ነው ያለኝ። ሜዳ አማረ፣ ደመወዝ መጣ፣ ተጫዋቹ በወቅቱ ይከፈለው ጀመር። ግን የመጀመሪያው ዓመት ሊጉ ከሁለት ወር ትንሽ የሚበልጥ ነበር። በሁለት ወር ሊግ ተጫዋች አይሠራም። በኋላ ረዘመ። የባሰው ችግር ሌላ ነው፤ ክለቦቹ የፊት አጥቂውን ቦታ ለውጭ ዜጋ ሰጡት። ለአንድ ክለብ አሰልጣኝ ይሄ ትክክል ነው፤ ጎል የሚያገባለትን ይገዛል። ለብሔራዊ ቡድኑ ግን መርዝ ነው። ዘጠኝ ቁጥር ሆኖ በየሳምንቱ የሚጫወት ሕንዳዊ ጠፋ።

ሱኒል ቼትሪን እየው። በ2005 ጀምሮ 95 ጎል ለአገሩ አስቆጥሯል። ለብሔራዊ ቡድን ብዙ ጎል ካገቡ ወንዶች ውስጥ ከሮናልዶ፣ ከሜሲና ከኢራናዊው አሊ ዳኢ ቀጥሎ ስሙ የሚጠራው የእሱ ነው። ጓደኞችህ ይሄን ሲጠቅሱ ተቀበል፤ ግን ከጎሎቹ ብዙዎቹ በጎረቤትና በአነስተኛ ቡድኖች ላይ የገቡ መሆናቸውን አብረህ አስታውሳቸው። በሰኔ 2024 ኮልካታ ላይ ከኩዌት ጋር 0 ለ 0 ተለያይተው ተሰናበተ፤ ስታዲየሙ አለቀሰለት። ከዘጠኝ ወር ገደማ በኋላ በ40 ዓመቱ መልሰው ጠሩት። ሲመለስ ማልዲቭስ ላይ አገባ። አንድ አገር የ40 ዓመት ጡረተኛ አጥቂ መልሶ የሚጠራው ከኋላው ማንም ሲጠፋ ነው።

የፊፋ ደረጃ ላይም አትታለል። ሕንድ ከፍ ያለችበት ደረጃ በ1996 የያዘችው 94ኛ ነው፤ በ2015 ደግሞ 173ኛ ድረስ ወርዳለች። በ2023 አጋማሽ እንደገና ከመቶ ውስጥ ገብታ ነበር። ያኔ ጋዜጣው ሁሉ ጮቤ ረገጠ። ግን በዚያ ዓመት መጀመሪያና አጋማሽ የተጫወተቻቸው ሦስት ውድድሮች በሙሉ በሜዳዋ ነበሩ፤ ኢምፋል፣ ቡባኔስዋርና ቤንጋሉሩ። የደቡብ እስያ ዋንጫንም ኩዌትን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ ወሰደች። ይሄን ዋንጫ ከ14 ጊዜ 9 ጊዜ ወስዳዋለች፤ በሰፈሯ አለቃ ናት። ከስድስት ወር በኋላ ኳታር ላይ የእስያ ዋንጫ ሲመጣ ያው ቡድን በአውስትራሊያ 2 ለ 0፣ በኡዝቤኪስታን 3 ለ 0፣ በሶሪያ 1 ለ 0 ተሸንፎ አንድ ጎል ሳያስቆጥር ተመለሰ። ስለዚህ የሕንድን ውጤት ስታይ ሁሌም የት ነው የተጫወተችው ብለህ ጠይቅ።

ስለ ዳኛ ሊያነሱብህ የሚችሉት አንድ ነገር አለ፤ እዚያ ላይ አትከራከራቸው። ሰኔ 11 ቀን 2024 ዶሃ ላይ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ከኳታር ጋር ሲጫወቱ ሕንድ በቻንግቴ ጎል 1 ለ 0 እየመራች ነበር። በ73ኛው ደቂቃ ኳሷ ከጎሉ አጠገብ የመጨረሻውን መስመር አልፋ ወጣች። ግብ ጠባቂው መሬት ላይ ነው፣ ተከላካዮቹ ወጥቷል ብለው ቆመዋል። አንድ የኳታር ተጫዋች በእግሩ መልሶ ሳባት፣ የሱፍ አይመን አገባት። ዳኛው ጎል ነው አለ። በዚያ የማጣሪያ ዙር ቫር (ዳኛውን በቪዲዮ የሚያርመው ሥርዓት) አልነበረም። በመጨረሻ 2 ለ 1 ተሸነፉ። የለየለት በደል ነው። ግን ያንን ሲያለቅሱ የሚረሱት ነገር፣ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ጉዋሃቲ ላይ፣ በገዛ ሜዳቸው፣ በአፍጋኒስታን 2 ለ 1 መሸነፋቸውን ነው። ከስድስት ጨዋታ አምስት ነጥብ ይዘው ሦስተኛ ወጡ። በዳኛ ብቻ አይደለም የወደቁት።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ብሷል። በ2025 ለእስያ ዋንጫ ማጣሪያ ከሆንግ ኮንግ፣ ከሲንጋፖርና ከባንግላዴሽ ጋር ተመደበች። ቀላል ምድብ ተብሎ ነበር። በሆንግ ኮንግ 1 ለ 0 ተሸነፈች። ጎዋ ላይ እየመራች ሳለ ሲንጋፖር ሁለት አገባችባትና ከውድድሩ ወጣች። በኅዳር ደግሞ ዳካ ላይ ባንግላዴሽ አሸነፈቻት፤ ከሃያ ዓመት በላይ ያልታየ ነገር ነው። ያለፈችው ሲንጋፖር ናት፤ ስድስት ሚሊዮን ገደማ ሰው። በዚያው ዓመት የሱፐር ሊጉ የ15 ዓመት የንግድ ውል ሊያልቅ ሲቃረብ ስምምነት ጠፋ። ሊጉ በወቅቱ ሳይጀመር ተጫዋቹ ወራት ቤቱ ተቀመጠ። ቀደም ሲል በነሐሴ 2022 ፊፋ ፌዴሬሽኑን በሦስተኛ ወገን ጣልቃ ገብነት፣ ማለትም አስተዳደሩ ውስጥ የውጭ አካል ገብቷል በሚል፣ ለ11 ቀን አግዶት እንደነበርም አትርሳ። ታገደች ማለት ካስፈለገ፣ እውነተኛው እገዳ ይሄ ነው። ስለ ታኬታ ሳይሆን ስለ ቢሮ ወንበር።

መፍትሔ ተብሎ በብዛት የሚነሳው የውጭ ትውልድ ተጫዋች ነው። ባንግላዴሽ ሐምዛ ቾዱሪን ከእንግሊዝ አምጥታ በመጋቢት 2025 በሕንድ ላይ አሰለፈችው፤ ጨዋታው 0 ለ 0 አለቀ። ሕንድ ግን ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። ትውልደ ሕንዳዊው ለአገሩ ለመጫወት የያዘውን ፓስፖርት መመለስ አለበት። ይሄ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የኢትዮጵያም ሕግ እንደዚያው ነው፣ ቢጫ ካርድ የሚባለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ የያዘ የውጭ ዜጋ ዋሊያዎቹን መልበስ አይችልም። አውሮፓ ውስጥ እየተጫወተ ያለ ልጅ የእንግሊዝ ወይም የአውስትራሊያ ፓስፖርቱን ጥሎ ይመጣል ብሎ መጠበቅ ብዙ ነው። አንዳንዱ ያደርገዋል፤ በ2025 ራያን ዊሊያምስ የአውስትራሊያ ዜግነቱን ትቶ ሕንዳዊ ሆኗል። በእንዲህ ዓይነት አንድ ሁለት ሰው ቡድኑ ይሻሻላል፣ ሥርዓቱ ግን አይጠገንም።

ሕንዶቹ ምን ያድርጉ ብትለኝ መልሴ አንድ ነው፤ ሊጉን ያለ ማቋረጥ ዘጠኝ ወር ያስኬዱ፣ ከሥሩ የታዳጊ ሊግ በሁሉም ግዛት ይኑር፣ ክለቡ አንድ ሕንዳዊ አጥቂ እንዲያሰልፍ ይገደድ። አሰልጣኝ መቀያየሩን ይተዉት። ከሰኔ 2024 እስከ ነሐሴ 2025 ብቻ ኢጎር ስቲማች ተባረረ፣ ማኖሎ ማርኬዝ መጥቶ ሄደ፣ ካሊድ ጀሚል ተተካ። ራሂም አሥራ ሦስት ዓመት ነበር የቆየው። ይሄ ሁሉ ዛሬ ቢጀመር ፍሬው የሚታየው አሁን አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ሲያድግ ነው። 2030 አይደርስም።

ስለዚህ ወደ ውርርድህ። እስያ በ48ቱ ቡድን ውስጥ 8 ቀጥተኛ ቦታ አላት፤ ዘጠነኛው ሌላ ጥሎ ማለፍ ይጠብቀዋል። ለ2026ቱ ሕንድ ወደ ሦስተኛው ዙር የገቡት 18 ቡድኖች ውስጥ አልነበረችም። ለ2027ቱ የእስያ ዋንጫ ደግሞ ከ24ቱ ውስጥ መግባት አቃታት። ሃያ አራት ውስጥ ያልገባ ቡድን በአራት ዓመት ውስጥ ስምንት ውስጥ ይገባል የሚል ሰው ልቡን እንጂ ኳሱን አይደለም የሚያየው። ጃፓን፣ ኮሪያ፣ ኢራን፣ አውስትራሊያ፣ ሳዑዲ፣ ኳታር፣ ኡዝቤኪስታን፣ ዮርዳኖስ፣ ኢራቅ አሉ። አንተ ያለህባት ኤምሬትስም ከኋላቸው ቆማለች። ሕንድ ከእነዚህ ስንቱን ጥላ ታልፋለች? ውርርዱን ግባበት። በምግብ ይሁን እንጂ በገንዘብ አታድርገው፤ አገሩ ቁማር ላይ አይቀልድም፣ ክፍል የምትጋራው ሰው ጋርም በገንዘብ መጣላት አይበጅም።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለኝ። ስትወራረዱ «የወንዶች ብሔራዊ ቡድን» የሚለውን በግልጽ ተነጋገሩ። የሕንድ ሴቶች በሐምሌ 2025 ቺያንግ ማይ ላይ ታይላንድን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸንፈው ለ2026ቱ የእስያ ዋንጫ አልፈዋል፤ በማጣሪያ ተጫውተው ሲያልፉ የመጀመሪያቸው ነው። የኬረላ ሰው ተሸንፎ ዝም አይልም። በኋላ «እኔ ያልኩት ሴቶቹን ነው» ብሎ አንድ ወር ሙሉ ያስበስልሃል።